ሦስተኛው ሰርቨር

ማዕዶት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሯ ላይ የማብሪያውን ቁልፍ ስትጫን ማንም አላያትም። ሲ.ኤም.ሲ ባለው የግል ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍሉን ከተረከበች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። የሆስፒታሉ ፕሮግራሞች በሙሉ፣ የካርድ ክፍሉም፣ የፋርማሲውም፣ የደም ምርመራውም፣ የሚሠሩት በሦስት ትልልቅ ሰርቨሮች ላይ ነው። ሁለቱ እስከ አፍ ገደፋቸው ሞልተው ሲያቃስቱ ሦስተኛው እንዲሁ በርቶ ባዶውን ይውላል። እሷ ዛሬ ያበራችው ሥራውን ለሦስቱም የሚያካፍለውን አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ ነው። አንዱ ሰርቨር ሲጨናነቅ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ፕሮግራሞቹን ወደ ቀለለው ያዛውራል። ምን ያህል ልፍጠን ብሎ ሲጠይቃት የመጨረሻውን ፍጥነት ሰጠችው።

ሦስተኛውን ባዶ አድርገው የኖሩት ከእሷ በፊት የነበሩት አቶ ገላው ናቸው። ጡረታ ወጥተው እንጦጦ ማርያም አጠገብ ወዳለው ቤታቸው የገቡ ዕለት፣ የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ቆም ብለው «ሦስተኛውን አትንኪው፣ ልጄ» ብለዋት ነበር። ለምን ስትላቸው ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ። ማዕዶትም የሽማግሌ ነገር ብላ ተወችው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ልታሾፍባቸው አማራትና «አቶ ገላው፣ ሦስተኛው ሰርቨር ከጡረታ ተመልሷል» የሚል መልእክት ላከችላቸው።

ምሳ ሰዓት ላይ ከላቦራቶሪ ናፍቆት ደወለች። «ምን አድርገሽው ነው? እየበረረ እኮ ነው» አለቻት። ማዕዶት ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ልትውል ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ይኼ ብርቅ አይደለም። ግቢው ውስጥ ያለው ጀነሬተር አጓርቶ ተነሳ፣ አምፖሎቹም በሩ። ማዕዶት ቀና እንኳ አላለችም። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የሦስተኛው ሰርቨር ስም ቀላ። በባትሪ እየሠራ ነው ይላል፣ የቀረው ስምንት ደቂቃ። ስክሪኑ ተሳስቶ ይሆናል ስትል ስልኳ ጮኸ።

«መብራት አለ እናንተ ጋ?» አሉ አቶ ገላው። ሰላምታ እንኳ የለም። ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት የወጡ ይመስላል፣ ያለከልካሉ።

«ጠፍቷል። ጀነሬተር ላይ ነን።»

«ሦስተኛው ሰርቨር ከጀነሬተሩ ጋር አልተገናኘም። መልእክትሽን አሁን ገና ማየቴ ነው። የደም ምርመራው የት ነው ያለው?»

አየችው። ሦስተኛው ላይ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ፕሮግራሙ በሌላው ሰርቨር ላይ መነሳቱ አይቀርም። ነገር ግን በድንገት የተቋረጠውን መረጃ ሁሉ መርምሮ እስኪነሳ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

መብራት መጥፋቱ ያሰጋት ናፍቆት ጓንቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ደረሰች። «ማዋለጃ የምትደማ እናት አለች። ደም እያዘጋጀሁላት ነው። የትኛው ከረጢት እንደሚስማማት የሚነግረኝ ሲስተሙ ነው። አይሄድብኝም አይደል?»

«አይሄድም» አለች ማዕዶት። እንዴት እንዳለችው እሷም አታውቅም። ናፍቆት አምናት ሮጠች።

ማዕዶት የደም ምርመራውን ወደ አንደኛው ሰርቨር ላከችው። አንድ ደቂቃ ፈጀ፣ ደረሰ። እፎይ ብላ የፋርማሲውን ልትይዝ ስትል የደም ምርመራው ተመልሶ ሦስተኛው ላይ ቁጭ ብሏል። ዓይኗን አላመነችም። እንደገና ላከችው። እንደገና ተመለሰ። ሦስት ደቂቃ ቀረ። ሰይጣን ገብቶበታል ልትል ምንም አልቀራትም።

የገባው የራሷ ትእዛዝ ነው። አውቶማቲኩ ስለ መብራት የሚያውቀው ነገር የለም። አንደኛው ከበደ፣ ሦስተኛው ቀለለ፣ ስለዚህ ባዘዘችው መሠረት በመጨረሻው ፍጥነት ይመልሰዋል። መጀመሪያ እሱን ማስቆም ነበረባት። ጠዋት ዓይኗን ጨፍና የምታገኘው ማስተካከያ አሁን ጠፋባት። አንዱን ገጽ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ሌላውን ከፈተች። አገኘችው። ስክሪኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ አላት። ጠዋትም እርግጠኛ ነበረች። አጠፋችው፣ የደም ምርመራውንም ለሦስተኛ ጊዜ ላከችው።

አርባ በመቶ። ሰባ። ዘጠና ላይ ቆመ። ስልኩ አልተዘጋም፣ የአቶ ገላው ትንፋሽ ይሰማታል። ዘጠና አምስት። መቶ።

ብዙም ሳይቆይ የሦስተኛው ሰርቨር ማራገቢያ እያዘገመ ቆመ። ላዩ ላይ የቀሩት ፕሮግራሞች አብረውት ጠፉ። ከኮሪደሩ የናፍቆት ሩጫ ተሰማ፣ ከረጢቱን ይዛ ወደ ማዋለጃ ነው።

ፍርሃቱ ሲለቃት ንዴቱ መጣ። «ለምን አልነገሩኝም?» አለች።

አቶ ገላው አሁን አልደበቋትም። «ሰርቨሩ የመጣ ጊዜ የጀነሬተሩ መስመር አልበቃ አለ። ኤሌክትሪሺያኑ በሚቀጥለው ሳምንት ብሎኝ ቀረ። እኔ ግን ተገናኝቷል ብዬ ፈርሜ ነበር። ስድስት ዓመት ባዶውን የጠበቅሁት ለዚህ ነው። አፍሬ ነው፣ ልጄ።»

የፈረሙትን ልታነብላቸው ፈለገች፣ እንዲሰሙት። የርክክቡን ፋይል አውጥታ ገለጠች። አራተኛው ገጽ ላይ «ሦስቱም ሰርቨሮች ከጀነሬተር ጋር መገናኘታቸው ተረጋግጧል» ይላል። ከሥሩ የአቶ ገላው ፊርማ አለ። ከእሱ ሥር ደግሞ «አይቼ ተረክቤያለሁ»፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት ቀን፣ የማዕዶት ፊርማ። ያን ዕለት አሥራ አንዱንም ገጽ ቆማ ፈረመች። አቶ ገላው አጠገቧ ነበሩ፣ እሳቸው ፊት ተንበርክኮ ገመድ መመርመር አላመንኩዎትም ማለት መስሏት አፍራ ነበር።

«አገኘሽው?» አሉ።

«አገኘሁት። ከታች የኔም አለበት።»

«መጣሁ» አሉ አቶ ገላው፣ «ታክሲ ይዤ እወርዳለሁ። ለኃላፊዎቹ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

«አብረን እንነግራቸዋለን» አለች።

ናፍቆት ተመልሳ መጣች፣ አሁን እየተራመደች። «ደሙ ቆመላት፣ ልጁም ደህና ነው» አለች። «አይሄድም ስትይኝ እኮ ነው ልቤ የተመለሰው። እግዜር ይስጥሽ።»

ማዕዶት ናፍቆት እስክትወጣ ጠብቃ ከጠፋው ሰርቨር ጀርባ ተንበረከከች፣ ገመዱንም በእጇ እየዳሰሰች እስከ ግድግዳው ድረስ ተከተለችው።