ጦጣ ያልፈራው ሰውዬ

ቲጃኒ ሰውዬውን የሠራው ለጦጣ ነበር። ዘንድሮ ቡናው አምሮበት ቀልቷል፤ ጦጣዎቹም ይህን ከባለቤቱ ቀድመው አውቀዋል። ማለዳ ማለዳ እየመጡ ጣፋጩን መጥጠው ፍሬውን ይተፉለታል። ስለዚህ በአጋሮ መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ወድቆ ያገኘውን፣ ከላይ እስከ ታች ቀይ ቀለም የተቀባ እንጨት ቡናው መሀል ተከለ። ከጅማ መርካቶ የገዛውን የመንገድ ሠራተኛ አንጸባራቂ ሰደርያ አለበሰው፤ አናቱ ላይ ቢጫ ሄልሜት ደፋበት። ራቅ ብሎ ሲያየው ራሱም ሰላም ሊለው ቃጣው።

ጦጣዎቹ መጀመሪያ ሸሹ። በማግስቱ ከሩቅ ሆነው አጠኑት። ከዚያ አንዷ ሄልሜቱ ላይ ተቀምጣ ቡናዋን ትመጥጥ ጀመር።

የፈራው ሰው ነው።

ለቃሚዎቹን ይዛ የመጣችው ፈሂማ አጥሩ ጋ ስትደርስ ቀጥ አለች። "ያ ቲጃኒ፣ ይሄ ቀይ ቀለም ምንድን ነው?"

"የጦጣ ማስፈራሪያ ነው። ግቡ።"

"ቀይ ቀለም ካለ ቀያሽ አለ። ቀያሽ ካለ መንገድ አለ። ነገ 'ከተቀየሰ መሬት ማነው የለቀመው' ሲባል እኛን ልታስጠይቅ ነው? ማሎ፣ እባክህ፣ ልጆች አሉኝ!" ቅርጫቷን ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ ተመለሰች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

ከሰዓት ጎረቤቱ ሐጂ ኡመይር በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ተከናንበው፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው መጡ።

"አይዞህ። ካሳው ስንት ነው አሉህ?"

"ሐጂ፣ ወላሂ እኔ ነኝ የተከልኩት!"

"ገባኝ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንዲህ በል ብለውሃል።"

"ማንም ምንም አላለኝም!"

"እሱንም በል ብለውሃል። አላህ ያጽናህ።"

ቲጃኒ ሊፈነዳ ደረሰ። በማለ ቁጥር ሰው ይብሱን አንገቱን ይነቀንቅለታል። ሐጂ መንገዱ ሳይወስድባቸው በዚያው ሳምንት ባሕር ዛፋቸውን ቆረጡ። ከማዶ ያለው ጎረቤት ደግሞ ካሳ እንዲታሰብለት ባዶ መሬቱ ላይ ቤት የሚመስል ነገር አቆመ።

ቡናው ዛፉ ላይ መድረቅ ሲጀምር ቲጃኒ ቀበሌ ሄደ። "እባካችሁ፣ እንጨቱ የኛ አይደለም ብላችሁ ለሰው ንገሩልኝ።"

ሹሙ ቲጃኒ በስልኩ ያነሳውን ፎቶ አየ፤ አሳድጎ አየ፤ ተነስቶ በሩን ዘጋ። "አይደለም ብዬ ነገ የበላይ አካል የተከለው ሆኖ ቢገኝስ? እስኪጣራ እንዳትነካው።"

"የሚያጣራው ማነው?"

"እሱም ይጣራል።"

ቤት ሲመለስ ሚስቱ አፊፋ እንጨቱ ሥር ቆማ ጠበቀችው።

"ንቀለዋ!"

"እንዳትነካው ተብያለሁ።"

"ማነው የተከለው?"

"እኔ።"

"ታዲያ ማንን ነው የምትፈራው?"

እንጨቱን ጨበጠው፤ እጁ ግን አልስብ አለው። አፊፋ ገፋ አድርጋው በአንድ እጇ ነቀለችና ፈልጣ ለማገዶ አዋለችው።

ጠዋት ቲጃኒ ፈሂማን ራሱ ሄዶ ጠራት። ለቃሚዎቹ መጡ፤ ሰውዬው የለም። ፈሂማ አንድ እግሯን አጥሩ ውስጥ አስገብታ ጉድጓዱን አየች።

"ማነው የነቀለው?"

"እኛው ነን!"

"ያ ረቢ! የመንግሥት ምልክት ነቀላችሁ?" እግሯን መለሰች።

"ምን ዓይነት ጣጣ ነው!" ብሎ ቲጃኒ ጮኸ። ጩኸቱ ሸለቆውን ሞላው፤ ጦጣዎቹ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለሉ ጠፉ። ለቃሚዎቹም በዚያው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አፊፋ ብቻዋን መልቀም ጀምራለች። ግማሹ ረግፏል። "ቆመህ ከምትጮህ ጉድጓዱን ድፈነው" አለችው።

ዶማውን አነሳ። አፈሩን ከመመለሱ በፊት ግን፣ ሳያስበው፣ የሚያይ ሰው እንዳለ ወደ መንገዱ ዞር ብሎ ተመለከተ።