ሦስቱ ዘይነቦች

ኢዩኤል የሚባለው የአዲስ አበባ ልጅ ዱባይ፣ ኡድ ሜታ ሰፈር ወዳለው ቢሯችን የመጣ ዕለት ከራሱ ቀድሞ የገባው የጫማው ሹል ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ ድርጅቱን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ያዘጋጃል ተባለ። እኛ የጽዳት ድርጅት ነን። አርባ ሦስት ሴቶች አሉን፤ ዓጅማን ውስጥ እናሳድራቸዋለን፣ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ሻርጃና ዱባይ ባሉ ቤቶች እንበትናቸዋለን። የትኛዋ ወደ የትኛዋ ማዳም እንደምትሄድ የምመድበው እኔ ሰዓዲያ፣ የኮምቦልቻዋ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት፣ በደብተር።

ሥራ አስኪያጃችን ረሺድ ዮርዳኖሳዊ ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ ስለዚሁ አስተውሎት የግማሽ ቀን ስብሰባ ተካፍሎ፣ ምሳውን በልቶ፣ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ ተመለሰ። ባጁን ለአንድ ሳምንት አላወለቀውም። ከዚያ ወዲያ አፉ ላይ ያለችው ቃል “ዝግጁነት” ብቻ ሆነች። ይህ ሰው ሠራተኞቹን በመልክ እንኳ አያውቃቸውም። ዓጅማን ድረስ ሄዶ የሚያድሩበትን ክፍል አይቶ አያውቅም፤ ሽታው ያመኛል ይላል።

“መጀመሪያ መረጃው መጽዳት አለበት” አለኝ ኢዩኤል፣ በመጀመሪያው ቀን፣ በ“አንቺ”። እናቱን የማክል ሴት ነኝ። ደብተሬን ገጽ በገጽ አስነበበኝ። የአንዷ ማዳም ቤት ውሻ ስላለ አስያ እዚያ አትላክም። ሌላዋ ማዳም ያበሰለችውን ካላስቀመሰች አትለቅም፤ ስለዚህ በጾም ቀን ምሕረት እዚያ አትሄድም። እያዛጋ ሰማኝና “ይሄ ወሬ ነው፣ መረጃ አይደለም” ብሎ ዘለለው። አሥራ አንድ ዓመት አንዲት ማዳም ሳታኮርፍብኝ የኖርኩት በዚያ ወሬ ነው።

ከዚያ ስሞቹ ላይ ደረሰ።

“ምሕረት፣ ፅጌረዳ፣ አዲስዓለም። እነዚህ የፓስፖርት ዝርዝሩ ላይ የሉም። እነማን ናቸው?”

ሦስቱን ያመጣቸው አንድ ደላላ ነው። በፓስፖርታቸው ላይ ለሦስቱም አንድ ስም አውጥቶላቸዋል፤ ዘይነብ አሊ። የልደት ቀናቸው እንኳ አንድ ነው፤ ደላላው ለማሰብም ሰንፏል። ከአገር ቤት የመጣን ሁሉ ይህን እናውቃለን፣ ለቢሮ ሰው ግን ትንፍሽ አንልም፤ ከተሰማ መባረር አለበት። ምሕረት ደግሞ ልጇ ደብረ ብርሃን አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። “እሷ ትምህርቷን እስክትጨርስ ብቻ እዚህ ያቆየኝ” ትላለች፤ ሌላ ጸሎት ያላት አይመስለኝም። ኢዩኤል የአገሬ ልጅ ቢሆንም የሰማውን ሁሉ ለረሺድ ነበር የሚያደርሰው። ስለዚህ አፌ የለመደውን መለሰ።

“የቤት ስሞች ናቸው። ሴትዮዋ ዘይነብ ናት።”

“አንዲት ሴት ሦስት ስም?”

“የእኛ ሴቶች ስም ይበዛባቸዋል” አልኩና ሳቅኩ።

እሱም ሳቀ፤ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቁልፍ ተጫነ። እኔ የጠየቀኝ ስለ ደብተሬ ብቻ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም በቀላሉ ሸወድኩት ብዬ ቀኑን ሙሉ ስኮራ ዋልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ረሺድ የቢሮውን ሰው ሁሉ ሰብስቦ ብስኩት አቀረበ። ኢዩኤል ግድግዳው ላይ ሰንጠረዥ አበራ። “ማሽኑ ሁለት የተደጋገሙ ሠራተኞች አግኝቷል” አለ፤ “አርባ ሦስት ሳትሆኑ አርባ አንድ ናችሁ።” ረሺድ አጨበጨበ። ከዚያ በዓረብኛ፣ በኩራት፣ ጉዳይ አስፈጻሚው የትርፎቹን መኖሪያ ፈቃድ ለማሰረዝ ጠዋት እንደወጣ ነገረን። “አንዱ ኸላስ፣ አልቋል። ሁለተኛው ከዙህር ሶላት በኋላ።”

ብስኩቱን ጣልኩ። ወደ መደርደሪያው ሮጬ ሦስቱን የዘይነብ አሊ ፋይሎች አወረድኩና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው። ሦስት ፎቶ፣ ሦስት ፊት። አንዷ ጠይም፣ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ግንባሯ ላይ ንቅሳት ያላት። ከረሺድ ወንበር ሁለት እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ነበሩ። ማሽን የሚገዛ ሰው አንድ ማኅደር መግለጥ አልሆነለትም።

ረሺድ ስልኩን አነሳ። የፅጌረዳ ወረቀት ሳይሰረዝ ከኢሚግሬሽኑ መስኮት ላይ ተመለሰ። የምሕረት ግን ተሰርዟል። “በሠላሳ ቀን ትውጣ፤ ከፈለገች ከአገሯ እንደገና ታመልክት” አለና ባጁን አስተካከለ።

ኢዩኤል ላብ በላብ ሆኖ ወደ እኔ ዞረ። “ማሽኑ የሠራው በተነገረው ነው። አንዲት ሴት ናት ያልሽኝ አንቺ ነሽ እኮ።”

በዚያ ሁሉ ሦስት ሳምንት የተናገረው እውነት ይህ ብቻ ነበር፤ ይቅር የማልለውም ይህንኑ ነው።

ማታውኑ ዓጅማን ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ፣ ምሕረት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ለልጇ የገዛችውን ጫማ ሻንጣ ውስጥ እየከተተች ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ ኢዩኤልን ረገምኩ፣ ረሺድን ረገምኩ፣ ማሽኑን ረገምኩ። እስክጨርስ ድረስ ጠበቀችኝ።

“ሰዓዲያዬ” አለች፣ ቀና ሳትል፤ “ስማችንን ደብቂልን ብንልሽ እኮ እኛን ደብቂን አላልንም። ሦስት ሰው ናቸው ማለት ምን ነበረበት?”

ምንም አልነበረበትም። ሦስት ዘይነብ አሊዎች አሉ ብል ማንም ስለ ሌላው ስም አይጠይቀኝም ነበር። ያን ልጅ ግን በጣም ንቄው ስለነበር፣ የምነግረውን ነገር እንኳ ቆም ብዬ አላሰብኩበትም።

ጫማውን ተቀብያት ሻንጣው ውስጥ አስገባሁላት። ቁጥሩ ለትልቅ ልጅ ነበር፤ ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ለቀራት።