ቦታ መያዣው ማስታወቂያ

የመጽሔታችን የኋላ ሽፋን ሁልጊዜ የሚሸጠው መጨረሻ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። የውስጥ ገጾቹ በጊዜ ይሞላሉ። የክለቡ ዜና፣ የአሰልጣኙ ቃለ ምልልስ፣ የደጋፊዎች ደብዳቤ፣ መሃል ላይ የሚገነጠለው ፖስተር፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። የኋላ ሽፋኑ ግን ማተሚያ ቤት ሊገባ ሁለት ቀን እስኪቀረው ድረስ ባዶውን ያፈጥብናል። አንድ ጊዜ ተዘናግተን ባዶውን ታትሞ ወጣና ተቀናቃኞቻችን «የዋንጫዎቻችሁን ዝርዝር አየነው» እያሉ ዓመት ሙሉ ሲያላግጡብን ከረሙ። ከዚያ ወዲህ ዋና አዘጋጁ ደንብ አወጣ፤ ባዶ ገጽ ግድግዳው ላይ አይለጠፍም።

እኛ ቢሮ እያንዳንዱ ገጽ እንዳለቀ በወረቀት ይወጣና ከመስኮቱ እስከ በሩ ድረስ በተራ ይለጠፋል። ሁሉም እያለፈ ስህተት ይለቅማል። የመጽሔቱ ዲዛይነር እኔ ስለሆንኩ ለባዶው የኋላ ሽፋን ቦታ መያዣ የምሠራውም እኔ ነኝ። ቦታ መያዣ የምንለው የውሸት ማስታወቂያ ነው። ለዘገምተኛው አጥቂያችን የሞተር ዘይት፣ ለመስመር ዳኛው መነጽር፣ ለክለቡ ፕሬዚዳንት ከወንበሩ የማያስነሳ ትራስ። ሰው ሻዩን ይዞ ይመጣና ቆሞ ይስቃል። እውነተኛው ማስታወቂያ ከአስተዋዋቂው ድርጅት ተሠርቶ ሲመጣ የእኔው ይቀደድና ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ስምንት ዓመት ስሠራ አንዱም ከግድግዳው አልፎ አያውቅም።

ደጋፊው «ማግኔት» የሚለው በረኛችን ታናሽ ወንድሜ ነው። አባታችን ሲሞት እሱ ስድስት ዓመቱ፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ጓንት ያጠለቅኩለት እኔ ነኝ። የሰፈራችን ጋራዥ አጥር ላይ ኳስ እየለጋሁ ያሠለጠንኩት፣ ክለቡ ለሙከራ ሲጠራው እጁን ይዤ የወሰድኩት፣ ሲመረጥም ከእሱ ብሼ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ውለታ ለመቁጠር አይደለም። በእሱ ላይ የመናደድ መብት አለኝ ብዬ እንዴት እንዳሰብኩ እንዲገባችሁ ነው።

የዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ ላይ አንድ ለአንድ ሆነን ሁለት ደቂቃ ሲቀር ከሩቅ አንዲት ልፍስፍስ ኳስ መጣች። ሕፃን ልጅ የሚይዛት ኳስ ናት። ወንድሜ ያዛት። ከዚያ፣ እንዴት እንደሆነ እሱም አያውቀውም፣ ከጓንቱ ሾልካ በእግሮቹ መሃል አለፈችና መስመሩን ተሻገረች። ቀጥሎ የሰማሁትን ስድብ ግማሹን እኔው ነኝ የተሳደብኩት።

ሰኞ ጠዋት ደሜ እንደፈላ ቢሮ ገባሁ። የኋላ ሽፋኑ እንደ ልማዱ ባዶ ነው። ፎቶግራፍ አንሺያችን ያችን ቅጽበት በረጅም ሌንስ ከፊት ለፊት አንስቷታል፤ ሁለቱ እጆች እንደተከፈቱ፣ ኳሷ በመሃላቸው ስትወርድ፣ ከላይ የወንድሜ አፍ ተከፍቶ። ፎቶ ላይ ያለን ሰው ከኋላው ካለው ነገር ለይቶ ቆርጦ ማውጣት በእኛ ሥራ አሰልቺው ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ቆርጬ እገላገለዋለሁ። ያን ቀን ግን ጣት በጣት፣ ስፌት በስፌት፣ ከጓንቱ በላይ ትንሿ ጣቱ ላይ የሚጠቀልላትን ነጭ ፕላስተር ሳይቀር እየተከተልኩ እስከ ምሳ ሰዓት ቆረጥኩ። እጁን ከእናታችን በቀር እንደ እኔ የሚያውቀው የለም። ከሥሩ የሙጫ ቱቦ አስቀመጥኩና በትልቁ ጻፍኩበት፦ «አንዲት ጠብታ ትበቃው ነበር።»

ብቻዬን ሳቅኩ። ከሳቁ ጋር ንዴቴም ወጣልኝ መሰለኝ፣ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ምሳ ስበላ ወንድሜ አሳዘነኝና ደወልኩለት። ስልኩ ዝግ ነበር። ማክሰኞ ከልጄ ትምህርት ቤት ተጠርቼ ስለነበር ቢሮ አልገባሁም። ጥፋቴን በቅደም ተከተል ተናገር ብባል ሁለተኛው ይሄ ነው፤ ወረቀቱን ሳላነሳው ዋልኩ።

የማስታወቂያ ሽያጭ ሠራተኛችን የአንድ ሙጫ ፋብሪካ ባለቤት ደጅ ስትጠና ወራት አልፏታል። ማክሰኞ ጠዋት መጣች፣ ግድግዳው ላይ ሙጫ አየች። ለማስታወቂያ የተሠራ ናሙና መሰላት። ለምን አይመስላት? እንደዚያ ተጨንቆ የተሠራ ቦታ መያዣ አይታ አታውቅም። ነቅላ ወሰደችው። ሰውየው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ አሉ። የፋብሪካው ስም ከቱቦው ላይ ይግባ ብለው ለሦስት ተከታታይ እትም እዚያው ፈረሙ።

ረቡዕ ስገባ ቢሮው በሙሉ አጨበጨበልኝ። ነገሩ ሲገባኝ ዋና አዘጋጁ ክፍል ገብቼ ይሄ ነገር እንዳይወጣ፣ ቀልድ እንደነበር፣ ልጁ እንደሚሰበር፣ ያልኩትን ሁሉ አልኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ መጽሔቱን የሚያሳትመው የደጋፊ ማኅበር ኮሚቴ እንዳየውና እንደወደደው፣ ደጋፊው ተናዶ ከሚቀር ስቆ ቢወጣለት ይሻላል እንዳሉት ነገረኝ።

«ወንድሜ እኮ ነው» አልኩት።

«እኔ ወንድምህ መሆኑን ዛሬ ነው እንዴ የማውቀው?» አለኝ። «አንተ ነህ የለጠፍከው። አንተን ካልከበደህ እኛን ምን ይክበደን?»

ወጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩና በሦስት ሰዓት ውስጥ አራት አዲስ ማስታወቂያ ሠራሁ። የተሰበረ ወንበር፣ የተላቀቀ ጫማ፣ የተገነጠለ መጽሐፍ፣ ጆሮዋ የወለቀ የሸክላ አሻንጉሊት። ከሽያጭ ሠራተኛዋ ጋር ፋብሪካው ድረስ ሄድን። እሷም እስከዚያ ድረስ ይቅርታ ስትለኝ ነበር፤ ይቅርታዋ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ፣ ምክንያቱም ምንም አላጠፋችም። ባለቤቱ ፈገግታ የማይለያቸው፣ እጃቸው ሁሌ ሙጫ የነካ ትልቅ ሰው ናቸው። አራቱንም ተራ በተራ አዩ።

«ጎበዝ ነህ» አሉኝ። «እነዚህም ጥሩ ናቸው። ያኛው ግን ያስቃል።»

ቢያንስ ፊቱን ላውጣው ብዬ ለመንኳቸው። እሺ አሉኝ። እዚያው ኮምፒውተሬን ከፍቼ የወንድሜን ፊት ቆርጬ ጣልኩና እጆቹንና ኳሷን ብቻ አስቀረሁ። ባለቤቱ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። አሁን ገና ሆነ፣ እጁ ብቻውን ሲሆን እንዴት ያምራል አሉ። እውነታቸውን ነው። ፊቱ ሲወጣ ገጹ ሰፋ፣ እጆቹ ገዘፉ፣ ቀልዱ በረታ። በሙያዬ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠውን ሥራ የሠራሁት ያን ጊዜ ነው። ነጯን ፕላስተርም አጠፋኋት፤ ግን ያን አረንጓዴ ጓንት የማያውቅ ደጋፊ የት ይገኛል?

ሐሙስ ጠዋት ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ምን ላደርግ እንደሄድኩ አላውቅም። የማተሚያው ኃላፊ ለዓመታት የማውቀው ሰው ነው፤ ገጹን አቆየው ብዬ ልለምነው አስቤ ነበር። ማሽኑ እየሮጠ ደረስኩ። ከአዘጋጁ ደብዳቤ ካመጣሁ እንደሚያቆምልኝ በጩኸቱ መሃል ጆሮዬ ሥር ነገረኝ። የወንድሜ እጆች በየሴኮንዱ እየተተፉ ሲደራረቡ ቆሜ አየሁ። ቀለሙ በጣም ጥሩ ወጥቶ ነበር።

ከዚያ የቀረኝ ቀድሜ ለራሱ መንገር ብቻ ነው። ከሰው ከሚሰማ ከእኔ ይስማ ብዬ ከሰዓት በኋላ እናታችን ቤት ሄድኩ። ከጨዋታው ወዲህ እዚያ ነበር የከረመው። እናታችን በሩ ላይ ተቀብላኝ፣ ዛሬ እህል እንደቀመሰ፣ አሰልጣኙ ደውሎ ቅዳሜ አንተ ነህ የምትገባው እንዳለው፣ ቀስ ብዬ እንዳጫውተው በሹክሹክታ ነገረችኝ። ገብቼ ሳየው ጓንቱን በፎጣ ሲጠርግ አገኘሁት። ከአራት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አለልኝ።

መጽሔቱ ስለ እሱ ምን እንደጻፈ ጠየቀኝ። ከአፌ ላይ ደርሶ ነበር። እናታችን ከጀርባው ቆማ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ውስጡ ምንም ክፉ ነገር የለም አልኩት። እውነት ነበር፤ ውስጡ ምንም አልነበረም። ከዚያ ስለ አየሩ፣ ስለ ልጄ የሒሳብ ፈተና አወራንና ተነስቼ ሄድኩ። ፈሪ ነኝ። ይህን ለማወቅ አርባ ዓመት መቆየት አልነበረብኝም።

ቅዳሜ መጽሔቱ ከስታዲየሙ በር ላይ እንደ ልማዱ ታደለ። ሁልጊዜ ከምቀመጥበት ከጎሉ ጀርባ ተቀመጥኩ። ወንድሜ የመጀመሪያዋን ኳስ በደንብ ያዛት። ያን ጊዜ ከኋላዬ አንዱ መጽሔቱን ገልብጦ የኋላ ሽፋኑን ወደ ሜዳው ከፍ አደረገ። ጎኑ ያለውም አደረገ። ደቂቃ ሳይሞላ ያ ሁሉ ሰው በወንድሜ ባዶ እጆች ተሸፈነ። «አንዲት ጠብታ» እያሉ መዝፈን ጀመሩ። በክፋት አልነበረም፣ ይሄ ነው የሚብሰው። ደስ ብሏቸው ነበር። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ በክርናቸው ነካ አደረጉኝና ይህን ያሰበ ሰው ጭንቅላቱ ይባረክ አሉኝ።

ወንድሜ ዞር ብሎ አየ። ራቅ ስለሚል መጀመሪያ አልገባውም ነበር፤ ዓይኑን አጥብቦ ሲያነብ አየሁት። ከዚያ እጆቹን ተመለከተ። ኳስ በያዘ ቁጥር ወረቀቱ ይነሳል፣ ዘፈኑ ይጀምራል። አንድም ኳስ አላመለጠችውም። ለእረፍት ሲወጡ ጓንቱን አውልቆ ብብቱ ሥር ከትቶ ነበር። ከእረፍት በኋላ የገባው ተጠባባቂው በረኛ ነው። እሱ ራሱ ነው ቀይሩኝ ያለው። ጣቱ ተሰብሮ ሳለ እንኳ አልወጣም ብሎ የሚታገል ልጅ ነበር።

እሁድ ከረፋዱ ላይ ሄድኩ። ልነግረው ነው የሄድኩት፤ በመንገዱ ሁሉ ቃሉን ስደጋግመው ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መጽሔቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አገኘሁት። እናታችን መስኮቱ ሥር ልብስ ታጥፋለች። ተቀመጥ አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር።

«ማስታወቂያ ከድርጅቱ ተሠርቶ ነው የሚመጣላችሁ አይደል፣ ጋሼ?» አለኝ።

«ብዙ ጊዜ» አልኩት።

«እሱን ነው ለእማዬ የምነግራት። ማስታወቂያው የመጣ ቀን አንተ ቢሮ አልነበርክ ይሆናል። ብትኖር አታሳልፈውም ነበር።»

«እሱ ባለበት ማን ይነካሃል?» አለች እናታችን፣ ከልብሷ ቀና ሳትል።

ወንድሜ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ገጹን አሳየኝ። በጣቱ የጣቶቹን ጠርዝ ቀስ እያለ ተከተለ።

«እየው እስቲ። ስፌቱን እንኳ አልሳተም። ይሄ ችኩል ሰው የሠራው አይደለም። ቁጭ ብሎ እጄን ሲያይ የዋለ ሰው ነው። እንዲህ የሚጠላኝ ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅም።»

አይጠላህም ልለው ፈለግኩ። እንዴት አወቅክ ቢለኝስ? ቢሮው በሙሉ ያውቃል፣ ኮሚቴው ያውቃል፣ ዛሬ ባልነግረው ነገ ከሌላ ሰው አፍ መስማቱ አይቀርም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ መጽሔቱን ጉልበቱ ላይ ገለበጥኩት።

«ምንም አላደርገውም» አለኝ። «ምን እንደበደልኩት ብቻ ልጠይቀው። ስሙን አጣርተህ ታመጣልኛለህ?»

«እሺ» አልኩት።