ቶሜክና የፈታኟ ትንፋሽ

ትንሹ ቶሜክ በትምህርት ቤት መመደቢያው የእንግሊዝኛ ፈተና ሥዕሉ ላይ ያለውን ውሻ በትክክል ሲጠራ፣ ፈታኟ ሚሪያም እንደ አገሯ ልማድ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ "አዎ" አለች። ከፖላንድ በቅርቡ የመጣው ልጅ ግን የደነገጠች መስሎት መልሱን ቀየረ። በየሥዕሉ እንዲሁ ሆነ፤ በመጨረሻ ጭራሽ ዝም አለ።

ሲወጡ፣ ከሌላ ፈታኝ ዘንድ ተፈትና ያለፈችው መንታ እህቱ ካሻ ሚሪያምን ጠየቀቻት።

"ወንድሜ፣ 'ስሳሳት ለምንድን ነው የምትደነግጠው?' እያለ ነው።"

ልጁን ያሳሳተው ትንፋሿ መሆኑ ያን ጊዜ ለሚሪያም ገባት። ልጁ ከወደቀ ከእህቱ ተለይቶ ሌላ ትምህርት ቤት፣ ቱክዊላ የተባለ ሌላ ከተማ ድረስ ሊላክ ነው። ሰው ፊት መናገር ቢከብዳትም አለቃዋ ቢሮ ገባች።

"ወይዘሮ ማንአልሞሽ፣ ልጁን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። እንደገና ይፈተን።"

ወይዘሮ ማንአልሞሽ ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ። "እኔንም እንዲሁ 'አዎ' ስል አንዲት ነርስ አስም አለብሽ ወይ ብላኛለች። ግን ውጤቱ ገብቷል፤ ተይው የኔ ልጅ።"

"አልተወውም። እስኪሰረዝ እዚሁ እቀመጣለሁ" አለችና ወንበር ሳበች።

ወይዘሮ ማንአልሞሽ ስልኩን አንሥተው ውጤቱን አሰረዙ።

በማግስቱ ቶሜክን ሌላ ፈታኝ ፈተነችው፤ አልፎም ከካሻ ጋር አንድ ክፍል ገባ።