የሰህላ ግራ ጎን

ሰህላ የተባለችው መርከብ እንዴት እንደሰጠመች በሱር የወደብ ከተማ ሁለት ወሬ አለ። የመርከብ ሠሪዎቹ ሰፈር እንደሚለው፣ ካፒቴን ሩበይዕ ከሌሎቹ ቀድሞ ወደብ ለመግባት ስለቸኮለ ወደቡ አፍ ላይ ባሉት ድንጋዮች አጠገብ አቋርጦ ነዳት፤ አንዱ ድንጋይ ሆዷን ቀደደው። የካፒቴኑ ቤተሰብ ደግሞ በዚያ አካባቢ ድንጋይ የሚባል ነገር አልነበረም ይላል። ባሕሩ ጸጥ ባለበት፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ጎኗ በራሱ ጊዜ ተከፈተ። ይህን የነገራቸው ከሞት የተረፈው ብቸኛ መርከበኛ ነው፤ እሱ ግን ሁለት ቀን ውሃ ላይ የቆየ ሰው ስለነበር ከእነሱ በቀር ማንም አላመነውም። ሁለቱ ወሬዎች የሚስማሙት ሃያ ሦስት ሰው በመሞቱ ላይ ብቻ ነው።

ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በአናጢው በኸልፋን ለቅሶ ሁለተኛ ቀን፣ ይኸው ነገር እንደገና ተነሣ። ሰህላን የሠራት ኸልፋን ነበር። ሴት ልጁ ሙዛ ለሴቶቹ ቴምር ስታዞር፣ አንዲት ጎረቤት ወደ ሌላዋ ጠጋ ብላ፣ “ምስኪን፤ እንዲያ ያለች መርከብ ሠርቶ ሰው ሰበረበት። በዚያ ብስጭት አይደል ዳግመኛ ትልቅ መርከብ ያልሠራው?” አለቻት።

ሙዛ ሳህኑን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች።

አጎቷ ገቢሽ ቀድሟት ገብቷል። ጠረጴዛው ላይ በቆመችው ትንሽ መርከብ፣ በሰህላ አምሳያ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ በግራ ጎኗ ላይ ጥፍሩን ቀስ እያደረገ ይጎትታል። መርከቧ ከክንድ ትንሽ ትረዝማለች። ሸራዋ ተሰቅሏል፣ ገመዷ ተወጥሯል፤ የቀራት ቀለም ብቻ ነው።

“ይሄን ማነው የገጠመው?”

“እኔ ነኝ። አባባ እያዘዘኝ።”

ገቢሽ ጣቱን አነሣ። እሱም መርከብ ሠሪ ነው፤ የወንድሙን የመርከብ መሥሪያ ግቢ አሁን የሚመሩት የገቢሽ ልጆች ናቸው። በሱር አናጢ የሆነ ሁሉ የሚያውቀውን ያውቃል፦ የአንዱ ጣውላ መጋጠሚያ በሌላው መጋጠሚያ ላይ አይውልም። ግንበኛ ድንጋዩን እንደሚያፈራርቀው ይፈራረቃል፤ ካልሆነ ማዕበል ሳያስፈልግ፣ የጭነቱ ክብደት ብቻ ይከፍተዋል። በትንሿ ሰህላ ግራ ጎን፣ ውሃ በሚነካት መስመር ሥር፣ ሦስት መጋጠሚያዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተሰልፈዋል።

“ነገ ለቅሶው ያበቃል” አለ ገቢሽ፤ “ከነገ ወዲያ የወደብ አዳራሹ ሰዎች መጥተው ለሕዝብ ሊያሳዩ ይወስዷታል። መስታወት ውስጥ ሲያቆሟት የማያይ ማን አለ? ይሄ ከተማ እንደሆነ ሕፃኑም አናጢ ነው።” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ልጆቹ የሚሠሩት በኸልፋን ስም መሆኑን፣ ሦስት ጀልባ እንደታዘዘላቸው፣ እሷም ባል የሌላት ሴት እንደመሆኗ ኑሮዋ ከዚያው ግቢ እንደሆነ ነገራት። ክፉ ሰው አልነበረም። የሚለው ሁሉ እውነት ነበር። “ስቱኮ እልክልሻለሁ” አለ ሲወጣ። “እሱን መጋጠሚያዎቹ ላይ ሞልተሽ ከላዩ ቀለም ቀቢው። ሌላ ነገር አልጠይቅሽም።”

የትንሿ መርከብ ሥራ የተጀመረው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የአባቷ ዓይን በሞራ ከተሸፈነ በኋላ ነበር። ከአሮጌ ሳጥን የፈታውን ጠንካራ የሕንድ እንጨት አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠና፣ “እጅሽን አበድሪኝ” አላት። መሣሪያቸው ጥቂት ነበር፦ እጀታ የተበጀለት የመጋዝ ስባሪ፣ አንድ ሞረድ፣ አንድ ቀጭን መሮ፣ በገመድ የሚሽከረከር መሰርሰሪያ። እንጨቱን እንደ ቅርፊት ስስ አድርጋ ትሰነጥቃለች፤ በብርጭቆ ስባሪ ትፍቀዋለች፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ነክራ በጋለ ቧንቧ ላይ ቀስ እያለች ታጎብጠዋለች። ስትቸኩል ይሰበራል። አባቷ በእንጨቱ ድምፅ ብቻ ያውቅ ነበር፤ ገና ሳይሰበር፣ “ተይው፣ ይረፍ” ይላታል።

የመርከብ ቆዳዋ፣ የውጪው ጣውላ፣ ይቀድማል፤ የጎድን አጥንቷ፣ የውስጥ ደጋፊው እንጨት፣ ኋላ ይገባል፤ የሱር አሠራር እንዲያ ነው። ስለዚህ ጎኖቿን ጣውላ በጣውላ ላይ እየደረቡ ወጡ። በግራ በኩል አባቷ አጫጭር ጣውላ እንድትቆርጥ አዘዛት። ሁለተኛው መጋጠሚያ በመጀመሪያው ላይ ሲውል ነገረችው። ቀጥይ አላት። ሦስተኛው ላይ እጇን አቆመች።

“አባባ፣ ይሄ እኮ ስሕተት ነው።”

“አዎ” አለ።

ትልቋ ሰህላ ስትሠራ ረጅሙ እንጨት ከሕንድ እንዳልደረሰ፣ የመርከቧ ባለቤት የጉዞው ነፋስ ሳያልፍ ትውጣ ብሎ እንዳስጨነቀው፣ እሱም በዘይት የተነከረ ጥጥ ጠቅጥቆ ይይዛል ብሎ እንዳመነ ነገራት። ሲነግራት ፊቱ ወደ ግድግዳው ነበር።

“ለምን አልተናገርክም?”

“ሃያ ሦስት ሰው ነበር” አለ አባቷ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ቀጣዩን ጣውላ ጠየቃት።

የዚያን ጊዜ ብዙ ነገር ገባት። ቡና ቤት ውስጥ ካፒቴኑ ሲታማ አባቷ ሳይደግፍም ሳይቃወምም ተነሥቶ ይሄድ ነበር፤ ሰዉ ግን ሐዘን ነው ይል ነበር። የካፒቴኑ ልጅ ጀልባ ገዝቶ አብሮት የሚወጣ መርከበኛ ያጣ ጊዜም አባቷ ዝም አለ። ልጁ ጀልባውን ሸጦ ኩዌት ገባ፤ እዚያም የሱር ሰዎች መሐል የሚጠራው በአባቱ ሳይሆን በአያቱ ስም ነው አሉ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሙዛ ገቢሽ የላከውን ስቱኮ በጣቷ አላቁጣ የመጀመሪያውን መጋጠሚያ ሞላች። በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርገው ጠፋ። እንዲህ በቀላሉ መጥፋቱ አስደነገጣት፤ የቀሩትን ሁለቱን ሳትነካ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳለቀ፣ በሴቶቹ ክፍል ያሉት ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ። የካፒቴኑ ሚስት ዙወይና በሩ ላይ ቆማለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ይህን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። እንደ ሰዉ ሁሉ “አላህ ያጽናችሁ” ብላ ተቀመጠች፤ ቡና ሲቀርብላት በእጇ መለሰችው። ጥቂት ቆይታ ወደ ሙዛ ዞረች።

“ሰህላን ሠርታችኋል አሉ። አሳዪኝ፤ ከዚያ እሄዳለሁ።”

ጓዳ ውስጥ አሮጊቷ ትንሿን መርከብ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከኋላ፣ መሪው አጠገብ ያለችውን ጠባብ ወንበር በጣቷ ጫፍ ነካች። “እዚህ ነበር የሚቀመጠው” አለች። “መልካም ነው። አባትሽ አሳምሮ ነው የሠራት።”

አናጢ አይደለችም፤ ምንም አላየችም። አሁን ወጥታ ትሄዳለች፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ሙዛ ከመጋረጃው ማዶ ወንዶቹ ሲሰነባበቱ፣ ገቢሽም ሸኚ ሆኖ ሲመርቅ ትሰማለች።

“እማማ ዙወይና፣ ቆዩኝ” አለችና በግራ ጎን በኩል ተንበረከከች። ገና ያልጠነከረውን ስቱኮ በአውራ ጣቷ ጥፍር ትፍቀው ጀመር። ነጭ ነጩ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ።

“ይሄ ምንድነው?”

“ስቱኮ ነው። ዛሬ ጠዋት የሞላሁት እኔ ነኝ።” የአሮጊቷን ጣት ይዛ በሦስቱ መጋጠሚያዎች ላይ አስኬደችው፤ እንዲህ ሆኖ የተገጠመ መርከብ ምን እንደሚሆንም ነገረቻት። “አባባ እንዲህ ነበር የሠራት። ድንጋይ አልነበረም። ካፒቴኑ ምንም አላጠፉም።”

ዙወይና እጇን ነጥቃ ሰበሰበች።

“አባትሽ እስከሞተበት እስከ እሑድ ድረስ አፍ ነበረው” አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። “ቤታችሁና ቤቴ መሐል ስንት በር አለ? አራት። ልጄን ስሙን አስቀየራችሁት።”

 ሙዛ ይቅርታ ማለት አሰበች፤ ግን ያንን መጠየቅ የሚገባው ሰው ተቀብሯል። አሮጊቷ እንደገና ጎንበስ አለች፤ ሦስቱን መጋጠሚያዎች ራሷ አንድ በአንድ እየነካች ቆጠረች።

ሙዛ ተነሥታ መጋረጃውን ገለጠች። በወንዶች ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ገቢሽ ከእንግዶቹ መሐል ዞሮ ሲያያት፣ ምን ልትል እንደሆነ ገብቶት እጁን አነሣ። እሷ ግን ቀደመችው።

“አጎቴ ገቢሽ፣ ለአዳራሹ ሰዎች አትምጡ ይበሉልኝ። ሰህላን ቀለም አልቀባትም። አሁን ወደ እማማ ዙወይና ቤት ተሸክሜያት እሄዳለሁ፤ መንገድ ላይ ለሚያስቆመኝ ሁሉ ግራ ጎኗን አሳየዋለሁ።”