የአራተኛው ኩሬ ውሃ

ማቲዎስ ከጅጅጋ ወጣ ብሎ ባለ የፍሳሽ ማጣሪያ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት «ውሃ ላይ ነኝ» ይላል። ዋሸ አይባልም፤ ከየሆቴሉና ከየኮንዶሚኒየሙ በመምጠጫ መኪና ተጭኖ የሚመጣው ጉድ ሦስት ኩሬ አልፎ አራተኛው ላይ ሲደርስ ውሃ ይሆናል። የመጀመሪያው ኩሬ ላይ አፍንጫቸውን ይዘው የሚሮጡ ጎብኚዎች አራተኛው ጋ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። ከዚያ ከተማ ገብተው ይረሱታል።

እሱ ግን ነገም ተመልሶ ደለል ይጠርጋል። ደክሞታል። ከሁሉ ያንገሸገሸው ደግሞ ያ ሁሉ የተለፋበት ውሃ ሜዳ ላይ ፈስሶ መቅረቱ ነበር። ከኩሬዎቹ በታች ያለውን መሬት ይዘው የከብት ሣር እንዲያለሙበት ስንቱን ለመነ፤ የሁሉም መልስ አንድ ነው፦ ነጃሳ ነው፣ ርኩስ። በሽንት ቤት ውሃ የበቀለ ሣር የበላች ላም ወተቷን ማን ይጠጣል?

እሺ ያለችው ሳዳ ብቻ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ሦስት የወተት ላሞች ያሏት፣ ወደ ስድሳ የምትጠጋ ሴት። ማቲዎስ እንደ ሰፈሩ ሰው «ኤዶ» ይላታል፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። ሣሩ ጉልበት ድረስ አደገላት፣ ላሞቹም ወዛቸው ተመለሰ። ወተቱ ግን ገበያ ውሎ ወደ ቤት ይመለስ ጀመር። የቆዩ ደንበኞቿ ሳይቀሩ ሲያዩዋት መንገድ ይለውጣሉ። በዚህ ከቀጠለ ላሞቹን መሸጧ ነው።

ነገሩን የሚቆርጡት የሰፈሩ ሼኽ ዐብዱልቃድር ነበሩ። አንድ ማለዳ በባጃጅ መጡ፤ ሃያ የሚሆን ሰውም ከኋላቸው። አራተኛው ኩሬ መውጫ ላይ ቆመው፣ የተበከለ ውሃ ቀለሙ፣ ሽታውና ጣዕሙ ወደ ውሃነቱ ከተመለሰ ንጹሕ ነው ሲሉ አስረዱ። በእፍኛቸው ዘግነው አዩት፤ ጥርት ያለ ነው። አሸተቱት፤ ምንም የለውም። ጣዕሙ ቀረ።

ሰዉ ሁሉ ማቲዎስን አየ። የውሃው የላቦራቶሪ ውጤት ኪሱ ውስጥ ነው፦ ለሣር ይሆናል፣ ለመጠጥ አይሆንም። ሆድ የሚያቆስሉት ተዋህስያን ቀለምም ሽታም ጣዕምም የላቸውም። ይህንን ሊናገር ጉሮሮውን ሲጠራርግ ሳዳ ጎንበስ አለች፣ በመዳፏ ዘገነች፣ ጠጣችው።

«ቢዮ ነው» አለች አፏን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች፤ ውሃ ነው ማለቷ ነው።

ያኔ መናገር ነበረበት። ቢናገር ግን ሃያው ሰው እንደ አመጣጡ ይመለሳል፣ አሥራ አንድ ዓመቱም አብሮ ይሄዳል። ዝም አለ። ሼኹ ውሃው ንጹሕ ነው ብለው ፈረዱ፣ በማግሥቱ የሳዳ ወተት ከረፋዱ በፊት አለቀ። ማቲዎስ፣ ቢያፍርበትም፣ የዚያን ቀን ደስ ብሎት ነበር።

ከዚያ የ2008ቱ ድርቅ ጠናና የከተማው ቧንቧ ጭራሽ ነጠፈ። አንድ ቀን ማቲዎስ ሥራ ሲገባ መውጫው ላይ አምስት የአህያ ጋሪ ቆሞ በርሜል ይሞላል። ወዴት ነው ቢል ሺሬ የሚባለው ባለጋሪ ሳቀበት።

«ወደ ከተማ ነዋ። ሰው ጠምቶታል።»

«ይሄ አይጠጣም።»

«አንተ ነህ ወይስ ሼኹ የሚያውቁት? ሳዳ ጠጥታው የለ እንዴ?»

ማቲዎስ «ለመጠጥ የተከለከለ» ብሎ ሰሌዳ ተከለ፤ ባለጋሪዎቹ አህያቸውን አሰሩበት። ለመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ይቀጠርልኝ ብሎ ጻፈ፤ ይታያል ተባለ። በሳምንቱ ከሰፈሩ ጤና ጣቢያ ፊት ለፊት ሲያልፍ ተቅማጥ የያዛቸውን ሕፃናት ያቀፉ እናቶች ተሰልፈው አየ። ሁሉም በድርቁ ያመካኛል። እሱ ግን ያውቃል።

መውጫው ቢዘጋ ውሃው አጥሩ ውስጥ ይቀራል። የሳዳ ሣር ግን ውሃ ያጣል። መጀመሪያ ለእሷ መንገር ነበረበት። ላም ስታልብ አገኛት።

«ኤዶ፣ መውጫውን ልዘጋው ነው።»

«ሣሩስ?»

«ይደርቃል። ጋሪዎቹ ውሃውን ለሰው እያጠጡት ነው። ልጆች ታመዋል።»

እጇን ከላሟ ጡት ላይ አነሣች። «ምነው፣ ሰሞኑን ተበላሸ?»

አዎ ቢላት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ታምነዋለች፤ እስከ ዛሬ ምን ብሏት ሳታምነው ቀርታ ታውቃለች?

«አልተበላሸም» አለ። «ያኔም እንዲሁ ነበር። ለሣር እንጂ ለሰው አይሆንም ነበር።»

«እኔ ስጠጣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሳዳ የወተቱን ዕቃ ከላሟ እግር አራቀችና ከደነችው። 

«ከዚያ በኋላ ሆዴን ይዤ ሳምንት ሙሉ ስተኛ፣ ክኒን ይዘህ የመጣኸው ለዚህ ነበር?»

«ለዚህ ነበር» አለ ማቲዎስ።

«እኔ ደግሞ ልጆቼ ሳይጠይቁኝ ይሄ ክርስቲያን ጠየቀኝ ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁልህ። ስንት ዱዓ አደረግኩልህ» አለች። አልጮኸችም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። ተነሥታ ሻሿን አስተካከለችና ጫማዋን ፈለገች።

«ሂድ ዝጋው። እኔ ሼኹ ጋ እሄዳለሁ። ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ፤ ጠጥቼ ታምሜ እንደነበር ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«አብሬሽ ልምጣና እኔ ልናገር።»

«አንተ መናገሪያህ ያን ቀን ነበር» አለችው፣ ከበሩ ወጥታ ስትሄድ።

ማቲዎስ ወደ መውጫው ወርዶ ባለጋሪዎቹ እያዩት መዝጊያውን ማዞር ጀመረ።