የመጨረሻዋ ምደባ

«አይ የኔ ምስኪን! ሰው ሁሉ እዚህ ተሰብስቦ አንቺ እዚያ ለብቻሽ?» እያሉ አክስቲቱ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ሲወጡ፣ በሁለት እጃቸው ከያዙት ጎድጓዳ ሳህን ውኃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ባልየው አላያቸውም። ሳሎኑ መሃል፣ ከየጎረቤቱ ተለቃቅመው በመጡ ወንበሮች ተከቦ፣ ሬዲዮ የሚያወራውን እየሰማ ነበር። ሬዲዮ ከላይኛው ፎቅ የሚኖር ጎረቤት ነው፤ ስሙን ያወጣችለት የባልየው ሚስት፣ ሟቿ ናት፣ «መዝጊያ የሌለው» ብላ። ሐዘን ቤት ዝም ሲል ስለሚጨንቀው ከጠዋት ጀምሮ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አማቱ ጉልበት ሲያወራ አርፍዷል። ባልየውም አልጠላውም። ሰው ሲያወራ ራስ መነቅነቅ ብቻ ይበቃል።

«እትዬ፣ ደግሞ ምን ይዘው መጡ?» አለ ሬዲዮ ቀና ብሎ።

«ዓሣ ነዋ! ባልዲ በምታክል መስታወት ውስጥ፣ ድንጋይ የለ፣ አሸዋ የለ፣ ከአንድ ቁራጭ ቱቦ ጋር ብቻዋን! እንዴት ተደርጎ? እሷ ያመጣችው ነፍስ በሐዘን ቀን ብቻውን ይቀመጣል? ሂጂ እናቴ፣ ከሰው ተቀላቀይ።» ሳህኑን ትልቁ ገንዳ ላይ ገለበጡት።

ባልየው ከወንበሩ ሲነሳ የአንዱ እንግዳ ሻይ ተደፋ። ደረሰ፤ የደረሰው ግን ያለቀ ነገር ላይ ነው።

የመስታወቱ ገንዳ የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ይዟል። ውኃው የባሕር ነው፣ ጨዋማ። በተደራረቡት ድንጋዮች ላይ ኮራል በቅሏል፤ አንዳንዱ እንደ ጣት ይወዛወዛል፣ አንዳንዱ እንደ ጎመን ተጠቅልሏል። አዲሷ ዓሣ ከትንሽ ጣት አትበልጥም። ከፊቷ እስከ ወገቧ ወይን ጠጅ፣ ከወገቧ በታች ቢጫ፤ ከሁለት ብጣሽ ጨርቅ የሰፏት ትመስላለች። ገና አሸዋው ሳትደርስ ኮሎኔሉ ከዋሻው ወጣ።

ኮሎኔሉ ሰማያዊ ዓሣ ነው፤ አውራ ጣት አያክልም። ማነሱን ግን የነገረው ያለ አይመስልም። እንደ ተወረወረ ጠጠር መጥቶ ጎኗን መታት። ሸሸች፤ ተከተላት። ዞረች፤ ቀድሞ ጠበቃት። በመጨረሻ ወደ ላይ ወጥታ ከፓምፑ ቱቦ ጀርባ ተወሸቀች። ጅራቷ ላይ ቢጫው ተቀዷል።

«ውይ!» አሉ አክስቲቱ። «ምን ያለው ጨካኝ ነው?»

«ቤቱ ነው እትዬ» አለ ባልየው። ከቀብሩ ወዲህ ሳይጠየቅ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር።

እሱ አሳንሰር ጠጋኝ ነው። የሥራ ቀኑን በፎቆች ሆድ ውስጥ፣ በጨለማ ጉድጓድ፣ ከገመድና ከቅባት ጋር ያሳልፋል። ሰዎች ከግድግዳው ወዲያ ሲያልፉ ኮቴያቸውን ይሰማል እንጂ አያያቸውም። ሰው ወደ ቤቱ ይመጣ የነበረው በእሷ በኩል ነው። እሷ የሴት ተማሪዎች ዶርም ፕሮክተር ነበረች፤ ለሚያያት ሥራዋ ቁልፍ መያዝና በር መዝጋት ቢመስልም ዋናው ምደባ ነበር፦ ማን ከማን ጋር ትደር። አንዷ እስኪነጋ መብራት አብርታ የምታጠና፣ አንዷ ጨለማ ካልሆነ የማትተኛ፣ አንዷ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እናቷ ትዝ እያለቻት የምታለቅስ። «መልክ አይደለም አብሮ የሚያድረው፣ ፀባይ ነው» ትል ነበር።

ዓሣም የመረጠችው እንዲሁ ነው። ዓሣ ሻጩ ጋ ሲሄዱ ሌላው ገዢ «ያቺን ቀይዋን፣ ያንን ባለ ነጠብጣቡን» እያለ በጣቱ ይጠቁማል። እሷ ግን ልጇን ልትድር የመጣች ትመስል ነበር። «የት ነው የሚተኛው? ምን ይበላል? ኮራል ይነክሳል? ሲያድግ ምን ያክላል? ማንን ይጠላል?»

ሻጩ ነገረኛ ሽማግሌ ነበሩ። «ልጄ፣ ዓሣ ነው የምትገዢው ወይስ አማች?»

«አማችማ ቢሆን መች እንዲህ እጠነቀቅ ነበር? ከከፋ ይፋታል። ይሄ መውጫ የለው!»

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ታስረዳዋለች፤ እሱ ዕቃውን ተሸክሞ እየሰማ ይከተላታል። ለዓሣ ወደ አፉ የሚገባ ጓደኛ አይሆነውም። ዓሣ የሚጣላው ከማይመስለው ጋር አይደለም፤ አንድ ጉድጓድ የሚፈልጉ፣ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ናቸው የሚፋጁት። ደግሞ ፈሪውን አስቀድመህ አስገባ፣ ቤት ይዞ ይጠብቅ፤ ቁጡውን መጨረሻ። ይህን ሕግ ራሷ ሳታውቀው ጥሳዋለች፤ ኮሎኔሉን የገዛችው ከሁሉ በፊት፣ ሰማያዊነቱን ወዳ ብቻ ነበር። ነጭ መቀነት የታጠቁትን ሁለቱን ብርቱካንማ፣ ሙሽሮቹን፣ ያስገባቻቸው በስንት መከራ ነው። ሽማግሌው «መልሺልኝና ተገላገይ» ሲሏት አልሰማቻቸውም። «ጥፋቱ የኔ፣ ስደቱ የሱ?» አለች።

ባለ ሁለት ጨርቋን ያመጣቻት ልትሞት ጥቂት ሲቀራት ነው። በሽታ ይዛ እንዳትገባ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ በትንሿ መስታወት ለይቶ ማቆያ ውስጥ አስቀመጠቻት። «ትንሽ ትቆይና ቦታ እሰጣታለሁ» አለች። ቦታው የት እንደሆነ፣ ከኮሎኔሉስ እንዴት እንደምታቻችላት አልነገረችውም። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ በር ላይ ልቧ ከዳት። ፈጣሪ ሲጠራ አያስጨርስም።

ሌላው ሁሉ ተቋጭቷል። ልብሷ ታጥፏል፣ የዶርሙ ቁልፍ ተመልሷል። ይቺ ግን ሟቿ የመረጠቻት የመጨረሻዋ ነፍስ ናት፤ ሳትመደብ ቀርታለች። እንዲሁ ከሞተች ደግሞ የእሷ ሥራ እዚህ ላይ፣ ከአንድ ቱቦ ጀርባ፣ በተቀደደ ጅራት አለቀ ማለት ነው።

መረብ አምጥቶ ሊያወጣት ሞከረ። መረቡ ሲገባ እሷ ወደ ጥልቁ፣ ሲወጣ ተመልሳ ወደ ቱቦዋ። እንግዳው ሁሉ ክብ ሠርቶ ያያል።

«በግራ! በግራ በላት!» ይላል ሬዲዮ። «አመለጠችው! አይ፣ አመለጠችው!»

«አንተ ሰውዬ፣ ኳስ ሜዳ መሰለህ?» አሉ አንዲት ሴትዮ፤ እሳቸውም ግን አንገታቸውን አስግገዋል።

አክስቲቱ ጥግ ይዘው እርጥብ እጃቸውን ይጠርጋሉ። «እኔ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው። አንተንስ ብቻህን ትተንሃል?»

እውነታቸውን ነው፤ አልተዉትም። ተፈራርቀው ይከቡታል። ቡና ከፔርሙዝ ቀድተው እጁ ላይ ያስይዙታል፤ ሲቀዘቅዝ ወስደው በትኩስ ይለውጡለታል። «ቅመስ»፣ «አይዞህ»፣ «ቻለው እንግዲህ»። እሱም ይቀምሳል፣ ይችላል። ግን ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ የምታውቀው ስለሌለች ቤቱ ራሱ ግራ ገብቶታል። የማይነጋገሩት ሁለቱ ያጎቷ ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው ወለል ወለሉን ያያሉ። ጆሯቸው የማይሰማው ባልቴት ከሬዲዮ አጠገብ ወድቀዋል፤ እርግጥ ይሄኛው እሷም ብትሆን የምትመድበው ነው።

«አይዘኑ እትዬ» አላቸው። «እሷም ሰው ብቻውን ሲቀመጥ አትወድም ነበር።»

በማግስቱ ከሰዓት አንዲት ፋርማሲስት መጣች። በዶርሙ ከኖሩት አንዷ ናት፤ ሩቅ ስለምትሠራ መርዶውን ዘግይታ ሰማች። አልቅሳ ሲወጣላት አክስቲቱ አጠገባቸው አስቀመጧት፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨዋታ ያዙ። ባልየው ገንዳው አጠገብ ቆሞ ይሰማቸዋል። ዓሣዋ ከቱቦው ጀርባ አልተነቃነቀችም። ምግብ ሲበተን አልወጣችም፤ ከጅራቷ ደግሞ ሌላ ብጣሽ ጎድሏል።

«አንድ ክፍል ውስጥ በዓመቱ አጋማሽ ተመደብኩ» ትላለች ፋርማሲስቷ። «እዚያ አንዲት ነበረች፣ ንግሥት ነው የምንላት። መስኮቱ የሷ፣ ቁም ሳጥኑ የሷ፣ ዝምታው እንኳን የሷ። ሻንጣዬን ኮሪደር ላይ ወረወረችብኝ። እትዬ ፕሮክተር ተጠርታ መጣች። አሁን አለቀላት፣ ትቀጣታለች ብለን ስንጠብቅ ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹ክፍሉ ሊታጠብ ነው፣ አልጋ በሙሉ ይውጣ።›»

«አልጋ?» አሉ አክስቲቱ።

«አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ጠረጴዛ፣ የቀረ የለም። ወለሉን አሳጠበችን። መልሰን ስናስገባ ግን አንድም ነገር የነበረበት አልተመለሰም። ንግሥት መሃል ቤት ቆማ ‹የኔ የትኛው ነው?› ትላለች። ሁላችንም እንግዳ ሆንና! ያን ዕለት ማታ ‹ማብሪያው በየት ነበር?› ብላ ማንን ጠየቀች? እኔን!»

«እና ታረቃችሁ?»

«እርቅስ አይባልም እማማ። ቻለችኝ።»

ባልየው ወደ ገንዳው ዞረ። ድንጋዮቹን ከላይ እስከ ታች አየ። ከዚያ እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ።

«ምን ልትሆን ነው?» አለ ሬዲዮ።

«አልጋ ላወጣ።»

መብራቱን አጠፋ። ባልዲዎቹን ከገንዳው ውኃ ሞላና ድንጋዩን አንድ በአንድ ያነሳ ጀመር። ኮራሎቹ እጅ ሲነካቸው ኩምትር ይላሉ። ፋርማሲስቷ እየተቀበለች ባልዲ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ሬዲዮ ባልዲ ያቀብላል፣ ወሬውንም ረስቶታል። ከወንበሮቹ ወገን «ምን ነካው? ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጣ እንዴ?» የሚል ሹክሹክታ ተሰማ።

«ተዉት» አሉ አክስቲቱ፣ ፎጣ ይዘው አጠገቡ እንደቆሙ። «ቤት እያጠበ ነው።»

እስከ ትከሻው ውኃ ውስጥ ነበር። ሳያይ በዳበሳ መሥራት ለእጆቹ አዲስ አይደለም። የኮሎኔሉን ዋሻ አፈረሰ። ትልቁን ድንጋይ ከቀኝ ወደ ግራ አሻገረ፤ ሌሎቹን አደጋግፎ ከሥር ጣራ ያለው ጎሬ ሠራ፣ ወዲያ ማዶ ሌላ፣ ከኋላ ደግሞ ሌላ። ሲጨርስ ውኃው ደፍርሶ ጭጋግ መሰለ። ኮሎኔሉም አይታይ፣ እሷም አትታይ።

«እና አሁን?» አለ ሬዲዮ።

«እኔ እንጃ» አለ ባልየው። «ከዚህ በኋላ ያለውን አላውቀውም።»

የሐዘኑ ቀን አልቆ ሰው ሲሰናበት አዲሷን ገና ያያት አልነበረም። ወንበሮቹ ወደየባለቤታቸው ተመለሱ። ሬዲዮ የመጨረሻዎቹን ተሸክሞ ደረጃውን ሲወጣ ድምፁ ከላይ እየራቀ ሄደ። አክስቲቱ ሻንጣቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልሰንብት ወይ?»

«ይሂዱ እትዬ። የልጅ ልጆችዎ ይጠብቁዎታል።»

«ከሞተች እንዳትደብቀኝ» አሉ። ዓሣዋን ነው። «የኔ ጥፋት ነው፣ ልወቀው።»

«እደውልልዎታለሁ።»

በሩን ዘጋ። ቤቱ ውስጥ ከፓምፑ በቀር የሚናገር አልቀረም። ገና ፀሐይ ነበር። ከመስኮቱ ሥር አግዳሚ ወንበሩን ጎትቶ ገንዳው ፊት አደረገና መሃሉ ላይ ተቀመጠ።

ውኃው ጠርቷል። ኮሎኔሉ ከድንጋይ ድንጋይ ይዞራል፤ አንዱ ሥር ገብቶ ይወጣል፣ ሌላው ደጃፍ ቆሞ ይመለሳል። አኳኋኑ የቁጣ አልነበረም፤ ሰፈሩ የጠፋበት መንገደኛ ይመስል ነበር። ባልየው ብዙ አየው።

«አይዞህ» አለው። ሰው ሁሉ ሲለው የሰነበተውን ቃል እሱ ለሌላ ሲል ይህ የመጀመሪያው ነው።

ምግብ በተነ። ሙሽሮቹ መጡ። ኮሎኔሉ መጣ። ሌላ የለም።

ከዚያ በግራ በኩል፣ ከትልቁ ድንጋይ ጣራ ሥር፣ ወይን ጠጅ ነገር አየ። ተገልብጣለች፤ ሆዷ ወደ ላይ፣ ጀርባዋ ወደ አሸዋው። እጁ ምግቡን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። ዓሣ ሲሞት እንዴት እንደሚሆን ሕፃንም ያውቀዋል። ለአክስቲቱ በስልክ ምን እንደሚላቸው ማሰብ ጀመረ።

የተገለበጠችው ዓሣ አንዲት ቅንጣት ላይ አነጣጠረች፤ ዋጠቻት፤ እንደተገለበጠች ተመለሰች። ጣራውን ወለል አድርጋዋለች። ደግሞ ወጣች፣ ሜዳው ላይ ተቃናች፣ ሌላ ቅንጣት ያዘች፤ ከጣራዋ ሥር ስትገባ እንደገና ሆዷን ለድንጋዩ ሰጠች። ኮሎኔሉ በደጃፏ መጣ። ቆም አለ። አለፈ።

ፀባይዋ ነው እንግዲህ። ሟቿ ይህን ታውቅ ነበር ይሆን? አውቃ፣ ጣራ ያለው ቦታ ስታስብላት ኖሯል? ወይስ አሁን ብታየው ለእሷም እንግዳ ነገር ይሆንባት ነበር? የሚጠየቅ ሰው የለም።

«አየሽ?» አለ እየሳቀ፣ ጮክ ብሎ። «አየሻት?»

እንዲህ ሲልም፣ ሳያስበው፣ እንዲታያት ብሎ ከአግዳሚው መሃል ወደ ዳር ጠጋ አለላት።

ማንም አልተቀመጠም። እሱም ወደ መሃል አልተመለሰም።